ሥራ አለኝ፣ ሥራ አለብኝ

ትልቋ እህት ጡረታዋን የምትጠብቀው ከታናሽ እህቷ ብዕር ነበር። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ታናሿ ኢኮኖሚስት ናት። ልጅ በማሳደግና በሽተኛ በማስታመም የሚያልፉ ዓመታት እንደ ሥራ ተቆጥረው ለጡረታ ይያዙ የሚል ጥናት አጠናች፤ ጥናቱ ውሎ አድሮ ረቂቅ ሕግ ሆነ፤ ረቂቁም አንድ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ታናሿ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ ትልቋ ፊቷን ወደ ልብስ ማጠቢያው እንዳዞረች «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ትላታለች። ታናሿም «እየሄደ ነው፣ እትዬ» ትላለች። ነገሩ የሚሄደው ግን እንደ ኤሊ ነበር፤ እትዬ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ዓመቷን ደፍናለች።

ታናሿን በመሥሪያ ቤቷ ከኋላዋ «ወይዘሮ መቶኛ» ይሏታል። ቁጥር ሳትጠቅስ እንደምን አደራችሁ ማለት አይሆንላትም ብለው ነው። እሷም ታውቃለች። አንድ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ሲንሾካሾኩ ሰምታ «ለመሆኑ ከመሥሪያ ቤቱ ስንት በመቶው ነው እንዲህ የሚለኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ልጆቹ የሚገቡበት ጠፋቸው። በአዳራሽ ውስጥ ዶክተር ናት፤ ንግግሯን የሚጠቅሱላት፣ ወረቀቷን የሚያስተምሩላት ብዙ ናቸው። እትዬ ቤት ስትገባ ግን ይኼ ሁሉ በር ላይ ይቀራል። እዚያ ስሟ ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጢጢ ነው፤ ሃምሳ አራት ዓመት ቢሞላትም ያደገች የመሰለው የለም።

አባታቸው ገና ልጆች ሳሉ ነው የሞተው። እናታቸው ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ኖረች። እትዬ ሃያ ዓመት ሲሞላት የስልክ ማዞሪያ ተቀጠረች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች፣ ሰውን ከሰው ታገናኛለች። ድምፅ ትለያለች። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ነጋዴ እንደከሰረ፣ የማን ልጅ በድብቅ ለማን እንደሚደውል ሁሉ በድምፅ ታውቅ ነበር፤ አንዲት ቃል ግን ከአፏ አትወጣም። «የሰው ገመድ በእጄ ይዤ እንዴት አወራለሁ?» ትላለች። ሚጢጢን ያስተማረችው በዚያ ደመወዝ ነው። ደብተሩም፣ ጫማውም፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲው መጓጓዣም ከዚያው ነው የወጣው። ከመስመር ሠራተኞቹ አንዱ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው፣ ሲወጡ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ሁሉም ሰው ሠርጉን ይጠብቃል።

ሚጢጢ ቶሎ አገባች፤ ቶሎም መንታ ወለደች። ባሏ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ከወር አሥር ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። መንቶቹ ገና ዳዴ ሲሉ ውጭ አገር የመማር ዕድል መጣላት። ሚጢጢ ደብዳቤውን ለማንም ሳታሳይ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያወጣችው እትዬ ናት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ተይው፣ እትዬ። መንታ ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

«ሂጂ።»

«ልጆቹስ?»

«እኔ አለሁ አይደል? ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አንድ ዓመት ምን አላት?»

ፈቃድ አልተሰጣትም። አለቃዋ ደግ ሰው ስለነበሩ «ልቀቂ፣ ስትመለሺ ቦታሽን እፈልግልሻለሁ» አሏት። እትዬም ለቀቀች። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ሊያልቅ ሲል እናታቸው ምላሷ ተያያዘ፣ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ሚጢጢ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ መንቶቹ እትዬን «እማዬ» እያሉ ከቀሚሷ ስር ተደብቀው አዩዋት። ማዞሪያው በዚያው ዓመት በማሽን ተተካ፤ ቀዳዳዎቹም ገመዶቹም ተነቅለው ተጣሉ። ደጉ አለቃ ራሳቸው ቦታ አጡ። ረጅሙ የመስመር ሠራተኛ ሁለት ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ። እትዬ ለሠርጉ ስጦታ ላከችለት፤ ስለሱ ከዚያ በኋላ አላነሳችም፤ ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።

ሚጢጢ አንድ የጥናት ተቋም ገባች። የመጀመሪያ ሥራዋ ስለ ሥራ መጠየቅ ነበር። መጠይቅ የያዘ ሰሌዳ ታቅፋ፣ በአንድ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረች፣ «ሥራ አለዎት?» ትላለች። አንዲት ሴት በር ላይ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሳፋ ሙሉ ልብስ ታጥባለች፤ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ሥራ አለዎት?»

«ኧረ የለኝም፣ እናቴ! ቤት ነው ቁጭ ያልኩት።»

ሚጢጢ «የላትም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና የቀሩትን ጥያቄዎች ልትቀጥል አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ቀደመቻት። «ይቅርታሽን፣ የኔ እህት፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። ዛሬ ሥራ አለብኝ።» ብላ ወደ ሳፋዋ ዞረች። ሚጢጢም አመስግና ቀጣዩን በር አንኳኳች። እዚያም እንደዚያው፤ በሦስተኛውም እንደዚያው። ሥራ የላቸውም፤ ለማውራት ግን ጊዜ የላቸውም፤ ለምን ቢባል ሥራ አለባቸው። ቀኑን ሙሉ ይኼን ስትሰማ ውላ ምንም አልመሰላትም። ማታውኑ ለአለቃዋ «የሰፈሩ ሴቶች አብዛኞቹ ሥራ ፈት ናቸው» ልትል ነበር።

ሲመሽ መንገድ ዳር ካለ የሕዝብ ስልክ ቤት ደወለች። መንቶቹ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። እትዬ አነሳች፤ ከበስተጀርባ አንዱ ልጅ ያለቅሳል፣ የድስት ክዳን ይንጫጫል፣ እናታቸው ታስላለች።

«እትዬ፣ እንዴት ዋላችሁ? ትንሽ አጫውቺኝ እንጂ፣ ደክሞኛል።»

«ሚጢጢዬ፣ ዝጊው በቃ። ሥራ አለብኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚጢጢ ቀፎውን እንደያዘች ቀረች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሰው «እመቤት፣ ጨርሰዋል?» እስኪላት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ገንዘብ አለኝ ይባላል፤ ዕዳ አለብኝ ይባላል። ቤት አለኝ፤ በሽታ አለብኝ። ጤና አለኝ፤ ሐዘን አለብኝ። አንደበታችን የምናገኘውንና የምንሸከመውን ለይቶ አስቀምጦታል። ሥራ ብቻ ነው በሁለቱም በር የሚገባው፤ የሷ መጠይቅ ግን አንዱን በር ብቻ ነበር የሚያንኳኳው።

በማግስቱ ለመምሪያ ኃላፊው ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመር ብላ አመለከተች፤ «ሥራ አለብዎት?» የሚል። ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «የኔ ልጅ፣ ይኼ ሰዋስው ነው። እኛ እዚህ የምንሠራው ኢኮኖሚክስ ነው» አሏት። ስብሰባው በሳቅ ሞላ። ሚጢጢ አብራ ሳቀች፤ መሳቅ ነበረባት። ከዚያ ግን በገዛ እግሯ ወደዚያው ሰፈር ተመልሳ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀች፤ ያን ልብስ አጣቢ ጨምሮ። ሴቶቹ መልስ ከጀመሩ አያቆሙም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አሮጌው መጠይቅ እስኪለወጥ ዓመታት ፈጀ፤ ሲለወጥ ግን በጠቅላላው ተለወጠ። ዛሬ መጠይቅ ይዘው የሚዞሩ ወጣቶች ሁለቱንም ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ከማን እንደመጣ ግን አያውቁም፣ ማወቅም የለባቸውም።

በግብሩ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠማት። በዚያን ጊዜ ሕግ የሚስት ደመወዝ ከባል ደመወዝ ላይ ተደምሮ፣ ጭማሪው በከፍተኛው ምጣኔ ይቀረጥ ነበር። አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ፣ ወር ሲደርስ እጇ ላይ የሚተርፈው የአውቶቡስና የሞግዚት እንኳን አይሞላም። ባልየው «ምን ዋጋ አለው? እቤት ብትቀመጪ አይሻልም?» ይላል። ክፋት የለውም፤ ሂሳቡ እውነት ነው። ሚጢጢ ይኼንን ጽፋ ይዛ ገንዘብ ሚኒስቴር ስትሄድ አንድ ወፍራም ባለሥልጣን ተቀበሏት።

«እህቴ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባል የለም እንዴ?» አሏት በፈገግታ።

«ይቀዳሉ፣ ክቡርነትዎ» አለች። «ግብሩ ግን ከሴትየዋ እንስራ ብቻ ነው የሚቀዳው።»

ሰውየው ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሕጉን አላሻሻለውም፤ ሦስት ሚኒስትር ተቀያይሮ ነው የተሻሻለው። የተሻሻለ ዕለት ሚጢጢ ኬክ ይዛ እትዬ ዘንድ ከነፈች። እትዬ ኬኩን ለመንቶቹ እየቆረሰች «ባል የለኝ፣ ደመወዝ የለኝ፣ እኔን ምን አገባኝ?» አለች። በቀልድ ነው ያለችው፤ ሁሉም ሳቀ። ቀልዱ ግን ሚጢጢ ሆድ ውስጥ ቀረ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው። ሺህ በር ስታንኳኳ የእህቷን በር አንኳክታ አታውቅም፤ ክፍት ስለነበር እየገባች በልታ ትወጣለች።

የጡረታው ጥናት የተጀመረው በዚያ ሰሞን ነው ብትባል ምናልባት ትክዳለች። ጥናት የሚጀመረው ከመረጃ ነው ትላለች። እኔ ግን ከኬኩ ነው እላለሁ። እናታቸው በእትዬ እጅ አሥራ አንድ ዓመት ታማ ሞተች። መንቶቹ አድገው ተዳሩ። ሴቷ መድኃኒት ቤት ተቀጠረችና ወለደች፤ ሕፃኑን ጠዋት ጠዋት ለማን ሰጥታ እንደምትሄድ መጠየቅ አያስፈልግም። እትዬ የስምንት ዓመት የማዞሪያ አገልግሎት ነበራት። ጡረታ የሚያስገኘው አሥር ነው። ከዚያ በኋላ የሠራችው ሁሉ የትም አልተጻፈም።

ታናሿ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ልትሰጣት ሞክራለች። እትዬ ለሕፃኑ የሚሆነውን ትቀበላለች፤ ለራሷ የተባለውን ትመልሳለች። «ችሮታ ሲሰጡት ደስ ይላል፣ ሲቀበሉት ያንገበግባል» ትላለች። «የራሴን ነው የምፈልገው። ትንሽ ትሁን፤ ስሜ ተጠርቶ፣ ተሰልፌ፣ ፈርሜ የምወስዳት ትሁን።» ያ ነገር የምትለው ይኼንን ነው።

የኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ የተደረገው ረጅም ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጦለታል፤ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ጠብታው ይሰማል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከጡረታ ፈንድ የመጣው ሰው ወረቀቱን አስተካክሎ ተናገረ። ሕጉ ከዛሬ ወዲያ የገዛ ልጃቸውን ለሚያሳድጉና ቤተሰብ ለሚያስታምሙ ከሆነ ፈንዱ ይሸከመዋል፤ ያለፈውን ሁሉ ወደኋላ እንቁጠር ከተባለ ግን ይናጋል፤ የሌሎቹም ጡረታ አብሮ ይናጋል አለ። ሚጢጢ አልተከራከረችም። ስሌቱን የሠራችው ራሷ ናት። ተሳስቼ ይሆን ብላ ደጋግማ አይታዋለች፤ አልተሳሳተችም።

«ዶክተር፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» አሉ ሰብሳቢው። «ወደኋላ የሚቆጥረው አንቀጽ ይውጣና ሕጉ ይለፍ? ወይስ ከነአንቀጹ መደርደሪያ ላይ ይውጣ?»

መደርደሪያ ላይ ወጥቶ የወረደ ረቂቅ አይታ አታውቅም።

«ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ይመዝገብልኝ» አለች። «እህት አለችኝ። ይህ አንቀጽ ቢቀር ተጎጂ ናት።»

ባልዲው ውስጥ ውኃ ጠብ አለ። የፈንዱ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ዘመድ ከዘመዱ...» ሲል ተሰማ፤ ሚጢጢም ወደ እሱ ዞረች።

«አህያ ካመዱ። ይጨርሱት እንጂ፣ ምን ያሳፍራል?»

ሰውየው ቀላ። አንዳንዱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። በዓይነ ኅሊናዋ ሕፃን የታቀፉ ወጣት ሴቶች ታዩአት፤ የሷ ሴት ልጅ ከነሱ አንዷ ናት። ቀጥሎ እትዬ ልብስ ማጠቢያው ላይ እንደጎነበሰች ታየቻት። እስክሪብቶዋን አንስታ አንቀጹ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች፤ እንዲያ ቀጥ ማለቱን ራሷ በኋላ አልወደደችውም።

«ይውጣ» አለች።

ሰብሳቢው ሲወጡ በር ላይ ይዘዋት ሕጉን የሚያስፈጽም አዲስ መሥሪያ ቤት እንደሚቋቋም፣ ኃላፊነቱም ለእሷ እንደታሰበ ነገሯት። ዕድሜ ልኳን የለፋችበት ነገር ነው። አመሰገነቻቸው፤ ምን ብላ እንዳመሰገነች ግን አታስታውስም።

እሑድን አልጠበቀችም። በቀጥታ እትዬ ቤት ሄደች። እትዬ ሕፃኑን አዝላ የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ የሕፃኑ አባት ሸሚዝ ነው።

«ያ ነገር አለቀ፣ እትዬ።»

ካውያው ቆመ። «አለፈ?»

«አለፈ።»

እትዬ ዓይኖቿን ጨፈነች። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ለቀቀ፤ ለአንድ አፍታ ማዳመጫ የደፋችው የሃያ ዓመቷ ልጅ መሰለች። ሚጢጢ ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም።

«ላንቺ ግን አይደለም» አለች ቶሎ ብላ። «ከዛሬ ወዲያ የወለዱትን ለሚያሳድጉ ነው። ያለፈውን የሚቆጥረው አንቀጽ ወጥቷል።»

«ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

ሌላ ሰው አውጥቶት ቢሆን እትዬ ትረግመው ነበር፤ እርግማኑም ያቀልላት ነበር። ካውያው የት እንዳለ ረስታለች። ሸሚዙ መሽተት ጀመረ።

«እኔ ነኝ ሂጂ ያልኩሽ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ አልለመንሽኝም። ስለዚህ ማንንም አልከስም። ግን ሚጢጢ፣ የሰውን ሁሉ ድካም ስትቆጥሪ፣ የኔን አንድ ቀን ቆጥረሽው ታውቂያለሽ?»

«እትዬ፣ ፈንዱ አይችልም ነበር። ሕጉ በሙሉ ይወድቅ ነበር። እኔ በየወሩ ከጡረታው የሚበልጥ...»

«ዝም በይ!»

እትዬ ጮኻ አታውቅም። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ሸሚዙ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ወጥቶ ነበር። እትዬ ሕፃኑን እያባበለች «ሂጂ አሁን» አለች፤ ያንኑ ቃል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያለችውን። ሚጢጢ ሄደች።

የሚቀጥለው እሑድ መጣ፣ አለፈ፤ ሚጢጢ ለመሄድ አፈረች። መልካም ሕግ ማውጣቷን አልተጠራጠረችም፤ ይኼ ግን ሐዘኗን አልቀነሰላትም። ሰው ትክክለኛ ነገር ሠርቶ እንዲህ ሊከፋው ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ባሏ አሁን ጡረታ ወጥቶ አትክልት ይኮተኩታል፤ ሊያስቃት ብሎ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አላት። አልሳቀችም። እሱም ወደ አትክልቱ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት የቢሮዋ ስልክ ጮኸ። የበር ጥበቃው ነው። «ዶክተር፣ አንዲት ሴት ትልቋ እህት ነኝ ይላሉ።» እትዬ በዚያ ሁሉ ዓመት እዚህ ቢሮ መጥታ አታውቅም። አሮጌውን ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሹመቱ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሚጢጢ ፋይል ጫነችበት።

«የሰፈራችን ክሊኒክ ስልክ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል» አለች እትዬ። «ትናንት ሄጄ ተፈተንኩ። ሽበቴን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ወደዱኝ። ቋሚ ነው፤ ጡረታ ይቆረጥለታል። ስምንት ዓመት አለኝ፤ ሁለት ይጎድለኛል። ስልሳ እስኪሞላኝ ሁለት ቀርቶኛል። ወይዘሮ መቶኛ አይደለሽ? ደምሪው።»

ሚጢጢ ቅጽል ስሟን ከእትዬ አፍ ሰምታ ልትስቅ ነበር፤ ከሳቁ በፊት ግን ሌላ ነገር አመለጣት።

«ሕፃኑስ?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳለች ገባት። ሠላሳ ዓመት ስትጽፍበት የኖረችው ነገር ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ነበር። እትዬ ዓይኗን ዓይኗን አየቻት። የሕፃናት መዋያው ከሁለት ዓመት በታች አይቀበልም፤ ሕፃኑ ገና መቀመጥ መጀመሩ ነው። አባትየውን ደግሞ ሁለቱም አላነሱትም፤ ይኼን ሚጢጢ የታዘበችው ቆይታ ነው፣ ከዚያ በኋላ እሱም ሕፃኑን የመያዝ ተራ ደረሰው።

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለች እትዬ። «ከሰኞ ጀምሮ ሥራ አለብሽ።»

ሚጢጢ ፋይሉን አየች። ከሥሩ የደብዳቤው ጠርዝ ይታያል። እትዬም አይታዋለች፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ምናልባት አውቃ ይሆናል። ሚጢጢ እንባዋ መጣ። የመጣው ለሹመቱ ይሁን ለእትዬ አላወቀችም፤ ለሁለቱም ሊሆን ይችላል።

«ሁለት ዓመት ምን አላት?» አለች።

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መሐረብ አወጣች፣ ግን ለራሷ አልነበረም፤ ለታናሿ ሰጠቻት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ወተቱ የት እንዳለ፣ ሕፃኑ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ሲያለቅስ ምን እንደሚፈልግ ነግራታለች፤ ሚጢጢ ግማሹን ረስታዋለች። ረፋድ ሲሆን ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጠርሙስ ተሰበረ። ማጠቢያው ሞላ። ሕፃኑ እትዬን ፈልጎ አለቀሰ፤ ሚጢጢም ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በዚህ መሀል ከሚኒስቴሩ ተደወለ። ድምፁ ትሁት ነው።

«ዶክተር፣ ሹመቱን አለመቀበልዎን ሰማን፤ ክቡር ሚኒስትሩ በጣም አዝነዋል። ሌላ ሥራ አለዎት ማለት ነው?»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው ጥያቄ ነበር። አንድም ቀን ተጠይቃው አታውቅም።

«የለኝም» አለች። «ይቅርታ፣ አሁን መዝጋት አለብኝ። ሥራ አለብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ደክሞት ክንዷ ላይ ተኛ። ቤቱ ጸጥ ሲል ሚጢጢ ብቸኝነት ጠናባት። ሰው ማናገር፣ እንዴት እንደዋለች መናገር አማራት። በግራ እጇ ስልኩን አንስታ ክሊኒኩ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ክሊኒክ ነው። ማንን ላገናኝዎት?»

ያ ድምፅ! ሚጢጢ በልጅነቷ ማዞሪያው ድረስ ሄዳ በመስኮት የሰማችው ያው ድምፅ፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ሥራውን የሚያውቅ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ተኝቶልኛል። ትንሽ አጫውቺኝ እንጂ።»

ከወዲያ በኩል ሌላ ስልክ ጮኸ፤ አንድ ሰው የዶክተሩን ቀጠሮ ይጠይቃል። እትዬ ሳቋን ስትይዝ ተሰማት።

«ሚጢጢዬ፣ ዝጊው በቃ» አለች። «ሥራ አለኝ።»